የካምፓስ ተማሪ ፕራይቬሲውን እንዴት ይጠብቅ? ከስልክ መቆለፊያ እስከ ኮፒ ቤት

ስለ ዲጂታል ፕራይቬሲ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ለካምፓስ ተማሪ አይሆንም። አንዱ «ቴሌግራም አጥፉ» ይላል። ቴሌግራም ያጠፋ ተማሪ ሚድ ፈተናው ከሰኞ ወደ ዓርብ መዞሩን ከማን ይሰማል? ሌላው «ስልክ ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ» ይላል። ግሩፕ አሳይመንት ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ቁጥርህን ላክ» ነው። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ የወላጅ ስም... ሬጅስትራሩም የዶርም ኃላፊውም ሳይጠይቁ አያሳልፉም።

ስለዚህ ከኢንተርኔት ሽሹ አልላችሁም። ግቢው የግድ የሚወስድባችሁ መረጃ አለ፤ እሱን ስጡ። ማንም ሳያስገድዳችሁ በልማድ የምትበትኑት ደግሞ አለ፤ እሱን ሰብስቡ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ተማሪ በብዛት የሚፈራው ሃከርን ነው። ካምፓስ ውስጥ ግን መረጃ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ በኩል ነው። ስልክ የምንዋዋሳቸው የዶርም ልጆች አሉ። ሦስት መቶ ሰው ያለበት የክፍል ግሩፕ አለ። የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር አለ። ታክሲ ውስጥ የተመነተፈ ስልክ አለ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነዚህ ነው። ሁሉንም በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ አትሞክሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ዛሬ ማታ ሥሩ፤ ሌላው ጉዳዩ ሲመጣ ይደርሳል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ስልኩን

ስልካችሁ የሚከፈተው በጣት በሚሳል ቅርጽ ከሆነ በ6 አሃዝ ፒን ቀይሩት። ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተኝታችሁ ስትከፍቱት ከላይኛው አልጋ ያለው ልጅ ቅርጹን ከሁለት ቀን በኋላ በቃሉ ያውቀዋል። የጣት አሻራ ካለው ጨምሩበት። ፒኑ የልደት ዓመታችሁ አይሁን።

ቀጥሎ የኖቲፊኬሽን ሴቲንግስ ውስጥ ግቡና ስልኩ ተቆልፎ ሳለ የመልእክቱ ይዘት እንዳይታይ አድርጉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። የባንክም የቴሌግራምም የጂሜይልም ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው ግን በመልእክት ነው። ኮዱ በተቆለፈው ስክሪን ላይ የሚነበብ ከሆነ መቆለፉ ምን ይረባል?

«አንዴ ልደውልበት» ለሚለው ወዳጅ ደግሞ መፍትሔ አለ። አንድሮይድ ስልኮች ሴኪዩሪቲ ሴቲንግስ ውስጥ አፕ ፒኒንግ የሚባል፣ ስልኩን አንድ አፕ ላይ ብቻ የሚያቆም ነገር አላቸው፤ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ስክሪን ፒኒንግ ይባላል። ስታበሩት «ሲወጣ ፒን ይጠይቅ» የሚለውንም ምረጡ። ከዚያ ስልኩን መደወያው ላይ አቁማችሁ ስጡ። ተቀባዩ ይደውላል፤ ወደ ጋለሪ ወይም ወደ ቴሌግራም ልሂድ ቢል ግን ስልኩ ፒን ይጠይቀዋል። ወዳጅነቱም አይነካም፣ ፎቶውም አይታይም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ነገር እንምጣ፦ የሲም ካርድ መቆለፊያ። ሌባ የተቆለፈ ስልክ ሲያገኝ ስልኩን መክፈት አይጠበቅበትም። ሲሙን ያወጣና ሌላ ስልክ ውስጥ ይከታል። ከዚያ በኋላ በእናንተ ቁጥር የሚላከው ኮድ ሁሉ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ሲሙ ላይ ፒን ካለ ግን አዲሱ ስልክ ፒኑን ይጠይቃል። ይህንን ከማብራታችሁ በፊት የሲሙን ነባር ፒንና ፒዩኬ (የተዘጋ ሲም መክፈቻ ኮድ) እወቁ። ብዙ ጊዜ ሲሙ ተሰክቶበት የመጣው ካርድ ላይ ይገኛል። ከሌላችሁ በግምት አትሞክሩ። 3 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሙ ይዘጋና ፒዩኬ ይጠይቃል። አገልግሎት ማዕከል ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻ *#06# ደውሉ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን አይኤምኢአይ፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ስልኩ ከጠፋ ፖሊስም የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። እዚያው ወረቀት ላይ የጂሜይል መጠባበቂያ ኮዶችን ጻፉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርታችሁ «ባክአፕ ኮድስ» የሚለውን ስትከፍቱ ጉግል 10 ኮዶች ይሰጣችኋል። ስልኩ ከተሰረቀ ከሌላ ሰው ስልክ ወደ ጂሜይል ገብታችሁ ስልካችሁን የምትቆልፉት በእነሱ ነው። ወረቀቱን ሎከር ውስጥ አስቀምጡት። ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ስልክ ላይ ካስቀመጣችሁትማ ምኑን ጻፋችሁት!

ደረጃ 2፦ ቴሌግራም

የካምፓስ ሕይወት ያለው እዚህ ስለሆነ እዚህ ቆየት እንበል።

ሴቲንግስ ግቡ፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»። የመጀመሪያው ስልክ ቁጥር ነው። «ማን ያያል» የሚለውን «ኖባዲ» አድርጉት። ይህን ስትመርጡ ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ቁጥራችሁን የያዘ ሰው ቴሌግራም ላይ ያግኛችሁ ወይ የሚል። እሱን «ማይ ኮንታክትስ» በሉት። ያኔ ቁጥራችሁን ከሆነ ሊስት ላይ ያገኘ የማታውቁት ሰው ፈልጎ አያገኛችሁም። የግሩፕ አሳይመንት አጋሮቻችሁ ቁጥሩን ማየት ካለባቸው ከታች እነሱን ብቻ ለይቶ የሚፈቅድ ቦታ አለ።

ሁለተኛው «ግሩፕ ኤንድ ቻናልስ» ነው። እሱም «ማይ ኮንታክትስ» ይሁን። ሳይጠይቁ ፎሬክስና ክሪፕቶ ግሩፕ ውስጥ የሚከቷችሁ ሰዎች እዚህ ላይ ያበቃላቸዋል። የክፍል ተወካያችሁን ቁጥር ግን ሴቭ አድርጉ፤ አለዚያ ወደ አዲሱ የኮርስ ግሩፕ ሊያስገባችሁ ሲሞክር አይችልም።

«ላስት ሲን» የእናንተ ምርጫ ነው። ከደበቃችሁ የሌላውንም አታዩም። «ኦንላይን ነበርሽ፣ ለምን አልመለስሽም?» ከሚል ጭቅጭቅ ግን ያድናል።

ቀጥሎ ዋናው፦ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»። ይህ ከመልእክት ኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ የራሳችሁ የይለፍ ቃል ነው። ስታወጡት የማስታወሻ ኢሜይልም አስገቡ፤ የይለፍ ቃሉ ሲረሳ መውጫው እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። ከጓደኛችሁ አካውንት መልእክት ይመጣል። «ሰላም ነው? የእህቴ ልጅ የስዕል ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» ይላል፤ ሥሩ ሊንክ አለ። ስትነኩት ቴሌግራምን የሚመስል ገጽ ይከፈትና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ትሞላላችሁ። ወዲያው ከራሱ ከቴሌግራም 5 አሃዝ ኮድ ይደርሳችኋል። ገጹ «ድምፅዎን ለማረጋገጥ ኮዱን ያስገቡ» ይላል። ካስገባችሁ አለቀ። ሰውየው በእናንተ አካውንት ገብቷል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለአክስታችሁም ለዶርም ጓደኛችሁም «2,000 ብር ቸግሮኝ ነበር፣ ነገ እመልሳለሁ» ብሎ መጻፍ ይጀምራል። መልእክቱን ላከ የተባለው ጓደኛችሁም የእናንተው ዕጣ የደረሰበት ነው። ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ያለው ሰው ኮዱን ተታሎ ቢሰጥም ሌባው እዚያው በር ላይ ይቆማል። ይለፍ ቃሉንም ያው ገጽ ላይ ካልጻፈለት ማለቴ ነው።

ከተፈጸመ ምን ይደረጋል? ፍጥነት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» ክፈቱና «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ንኩ። ወዲያው የይለፍ ቃል አውጡ። አዲስ የገባ መሣሪያ የድሮዎቹን ለማባረር 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የእናንተ ነው፤ አታሳልፉት። ከዚያ ብር ሊጠየቁ የሚችሉ ሰዎችን በስልክ ደውላችሁ አስጠንቅቁ። በጽሑፍ ብትልኩ «ይሄኛውስ ማነው?» ይሏችኋል፤ ልክ ናቸው።

ስለ ምስጢራዊነቱ አንድ ነገር እወቁ። ቴሌግራም ላይ የምትጽፉት ተራ ቻትም ሆነ የግሩፕ ወሬ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው ሆኖ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው። ዋትሳፕ በተቃራኒው ሁሉንም ቻት እንደዚያ ይቆልፋል፤ ግሩፕ ስትገቡ ግን ቁጥራችሁ ለአባላቱ በሙሉ ይታያል። ለክፍል ግሩፕ ቴሌግራም፣ ለቤተሰብና ለልብ ወዳጅ ዋትሳፕ ብትሉ አያስኬድም አይባልም።

ቦቶችንም፣ ቴሌግራም ላይ በራሳቸው የሚመልሱትን አካውንቶች፣ አንርሳ። የፈተና ጥያቄ፣ የስኮላርሺፕ፣ የመጽሐፍ ቦት አለ። ቦት ስልክ ቁጥራችሁን የሚያገኘው «ሼር ኮንታክት» የሚለውን ስትነኩለት ብቻ ነው። ፒዲኤፍ መጽሐፍ የሚሰጥ ቦት ቁጥራችሁን ምን ሊያደርግለት ነው? አትንኩት።

ደረጃ 3፦ የክፍል ግሩፑና ያቺ የኤክሴል ፋይል

እያንዳንዱ ባች ያውቃታል። ስሟ «ፋይናል ሊስት 2» ወይም «ኮሬክትድ» ነው። ስትከፈት ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ አይዲ ቁጥር፣ ጾታ፣ ስልክ ትደረድራለች። አንዳንዴ የባንክ ሂሳብ ቁጥርና ሲጂፒኤም ይጨመርባታል። ተወካዩ «ስማችሁን ቼክ አድርጉ» ብሎ ግሩፑ ላይ ይለጥፋታል። ሦስት መቶ ሰው ያወርዳታል። ከዓመት በኋላም እዚያው ናት፤ ግሩፑን አሁን የተቀላቀለ ሰው ወደ ላይ ስቦ ያገኛታል።

ጉዳቱ ምንድነው? አንዳንድ የተማሪ ፖርታሎች የመጀመሪያ የይለፍ ቃላቸው ከአይዲ ቁጥር ወይም ከስም የሚገጣጠም ነው። ያንን ያልቀየረ ተማሪ ካለ ሊስቷ ቁልፍ ሆነች ማለት ነው። ሴቶች ተማሪዎች ደግሞ ሊስት በተለጠፈ ማግስት ከማይታወቅ ቁጥር የሚደርሳቸውን የጥሪ ብዛት ራሳቸው ይንገሯችሁ።

እናንተ ተማሪ ከሆናችሁ፦ የፖርታሉን የይለፍ ቃል አሁኑኑ ቀይሩ። መረጃ ስትጠየቁ ግሩፑ ላይ አትጻፉ፤ «በውስጥ መስመር ልላክልህ» በሉ። ማንም አይቀየምም። የተለጠፈ ሊስት ካያችሁ ተወካዩን በግል «ስልኩን አውጥተህ በድጋሚ ብትለጥፈው» በሉት። ሰው ፊት ከተናገራችሁት ነገሩ ወደ ክርክር ይዞራል።

ተወካይ ከሆናችሁ ሥራው የእናንተ ነው። ጉግል ፎርም አዘጋጁ። ሴቲንግሱ ውስጥ የሌሎችን መልስ ማጠቃለያ ለሞሉት የሚያሳየው መጥፋቱን አረጋግጡ። መልሱ የሚገባበትን ሺት «ሊንኩ ያለው ሁሉ» ብላችሁ አትክፈቱ። ዲፓርትመንቱ የጠየቀውን ብቻ ጠይቁ። ለማረጋገጫ ሊስት መለጠፍ የግድ ከሆነ አይዲና ስም ይበቃል። ለዲፓርትመንቱ ካስረከባችሁ በኋላ አጥፉት።

ግሬድ በአይዲ ቁጥር ቦርድ ላይ ሲለጠፍ ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ መልቀቅም የተለመደ ደግነት ነው። የራሳችሁን መስመር ቆርጣችሁ ያዙ፤ ጓደኛችሁ ከጠየቃችሁ የእሱን መስመር ብቻ ላኩለት።

ደረጃ 4፦ ኮፒ ቤት

አዲስ አበባ 6 ኪሎም ሂዱ ባሕር ዳር ፔዳ በር፣ አሠራሩ አንድ ነው። ግድግዳው ላይ የቤቱ የቴሌግራም ስም ተጽፏል። ፋይላችሁን ወደዚያ ትልካላችሁ፣ ልጁ አውርዶ ፕሪንት ያደርጋል። ተራ ስትጠብቁ ስክሪኑን አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩት። የዳውንሎድ ፎልደሩ ክፍት ነው። የአንዷ ፓስፖርት፣ የአንዱ ግሬድ ሪፖርት፣ የባንክ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ፣ ሲቪ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ። ባለቤቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለማጥፋት ጊዜ የለውም። ቀን ሙሉ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ኮምፒውተሩን የሚነካው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

እንዲህ አድርጉ። አሳይመንትና ሃንድአውት ከሆነ ምንም አትጨነቁ፣ ላኩ። መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ ትራንስክሪፕት ወይም የባንክ ነገር ከሆነ ግን፦

የሚፈለገውን ገጽ ብቻ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። ወረቀቱን ከተቀበላችሁ በኋላ መልእክቱን ከሁለቱም ወገን አጥፉ፤ ቴሌግራም በግል ቻት ላይ ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን አስቀድሞ የወረደው ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁን «ወንድሜ፣ መታወቂያ ስላለባት ነው፣ ከዳውንሎድም ታጠፋልኛለህ?» በሉት። ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ከተጫነ ሪሳይክል ቢን ውስጥም አትገባም። ፈገግ ብሎ ያጠፋላችኋል።

በራሳችሁ ቴሌግራም ወይም ጂሜይል በእነሱ ኮምፒውተር አትግቡ። የግድ ከሆነ ኢንኮግኒቶ ክፈቱ፣ ስትጨርሱ ውጡ፣ ከዚያ በስልካችሁ «ዲቫይስስ» ላይ ያ ኮምፒውተር አለመኖሩን አረጋግጡ። የግቢው ላብና የላይብረሪው ኮምፒውተርም ያው ነው።

ፍላሽ ከተጠቀማችሁ ለፕሪንት ብቻ የሚሆን አንድ ርካሽ ፍላሽ ይኑራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ያለበትን ፍላሽ ኮፒ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ። ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ዛሬም ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው በፍላሽ ነው።

ወረቀቱንም አትርሱ። ዋናውን መታወቂያ ኮፒ ማሽኑ ክዳን ሥር ትቶ መሄድ የየቀን ነገር ነው። ደብዝዞ ወይም ተጣሞ የወጣውን ቅጂም ይዛችሁ ውጡ፤ አለዚያ ጀርባው ለሒሳብ መጻፊያ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ብርና ስክሪንሾት

ለጂሲ (ለተመራቂ ባች) ቲሸርት ወይም ለታመመ ጓደኛ መዋጮ ሲሰበሰብ «የላካችሁበትን ስክሪንሾት ግሩፑ ላይ ጣሉ» ይባላል። ከንግድ ባንክ የሚመጣውን መልእክት አንብባችሁት ታውቃላችሁ? የላካችሁት ብር ብቻ የለበትም። ቀሪ ሂሳባችሁም ተጽፏል፤ የደረሰኙ ሊንክም አለበት። 200 ብር አዋጥታችሁ የሒሳባችሁን ልክ ለባች ሙሉ አሳወቃችሁ። ቀሪው ብዙ ከሆነ ብድር ጠያቂ ይበዛል፣ ትንሽ ከሆነም ወሬ ይሆናል።

ስለዚህ ቆርጣችሁ ላኩ። ስም፣ የተላከው መጠንና ቀን ይበቃል። በስልኩ የማድመቂያ እስክሪብቶ ማጥቆር አያስተማምንም፤ ብርሃኑንና ኮንትራስቱን ከፍ ሲያደርጉት ሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ወይ ቁረጡ፣ ወይ ምንም በማያሳይ ድፍን ሳጥን ሸፍኑ። ለሰብሳቢው በውስጥ መስመር ብትልኩ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

«በስህተት ብር ልኬብህ ነው፣ መልስልኝ» የሚል ሰው ከደወለ የመጣላችሁን መልእክት አትመኑ፤ መልእክት በማንም ሊጻፍ ይችላል። ቴሌብር ከሆነ በአፑ ወይም በ*127#፣ ንግድ ባንክ ከሆነ በአፑ ወይም በ*889# ሒሳባችሁን ራሳችሁ እዩ። ብሩ እውነት ገብቶ ከሆነም ላኪው በባንኩ ወይም በቴሌ በኩል ያስመልስ። ፒንና ኮድ ለማንም አይነገርም። «ከቴሌ ነው የምደውለው» ቢልም ያው ነው።

ደረጃ 6፦ ዋይፋይና ቪፒኤን

የግቢ ዋይፋይ እንደሚወራው አደገኛ አይደለም። አሁን አብዛኛው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ (የሚላከውን የሚቆልፍ) ስለሆነ የኔትወርኩ ኃላፊ የትኛውን ሳይት እንደከፈታችሁ ሊያይ ይችላል፤ እዚያ ውስጥ የጻፋችሁትን ግን አያይም። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው። በስማችሁ የተሰጠ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ካለ ለሰው አታውሱ። እሱ የሚሠራው ሁሉ የሚመዘገበው በእናንተ ስም ነው።

ቪፒኤንስ? በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩትዩብ ተገድበው ሲቆዩ ብዙ ተማሪ ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ጫነ። ብዙዎቹ ዛሬም ስልክ ውስጥ አሉ። ቪፒኤን ስታበሩ የኢንተርኔት ጉዟችሁን ከቴሌ ዓይን አውጥታችሁ ለቪፒኤኑ ባለቤት ታስረክባላችሁ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁና በነፃ ከሆነ በምን ይተዳደራል ብላችሁ ጠይቁ። የማትጠቀሙበትን አጥፉ። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ እንደ ፕሮቶን ቪፒኤን ያለ ባለቤቱ የሚታወቅና ነፃ አማራጭ ያለው ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ስኮላርሺፕ፣ ፋይዳና ሲቪ

ሁለት ኢሜይል ይኑራችሁ። አንዱ ለቁም ነገር፦ ለማመልከቻ፣ ለባንክ፣ ለአስተማሪ። ሌላው አፕ ለማውረድና ለመመዝገቢያ። የመጀመሪያው ስሙ ሰው የሚያከብረው ይሁን፤ ሁለተኛውን እንደፈለጋችሁ።

የውጭ ስኮላርሺፕ ስትፈልጉ ፓስፖርት ስካን በቴሌግራም የሚቀበል «አመልካች ድርጅት» ካጋጠማችሁ ቁሙ። እንደ ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም (የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ) ያሉት ማመልከቻ የሚቀበሉት በራሳቸው ድረ ገጽ ነው። የሚሞላላችሁ ሰው ብትቀጥሩ እንኳ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ የእናንተ ይሁን። ሰውየው በራሱ ኢሜይል ከመዘገባችሁ ውጤቱም ሰነዱም በእጁ ነው።

ፋይዳ ሁለት ቁጥር አለው፦ 12 አሃዝ ያለው ዋናው መለያና 16 አሃዝ ያለው ተለዋጭ። ተለዋጩ የሚበቃ ከሆነ ዋናውን አትስጡ። የማረጋገጫ ኮድ በስልካችሁ ሲመጣ ፊት ለፊታችሁ ላለው ሥራ እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትንገሩ።

የመታወቂያ ቅጂ ስትሰጡ ቅጂው ላይ በሰያፍ «ለእገሌ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ ብቻ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። ፊቱንና ቁጥሩን አይሸፍን። ያ ወረቀት ሌላ ቦታ ሄዶ በስማችሁ ሊሠራ አይመችም።

ሲቪ ላይ የልደት ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖትና የቤት ቁጥር የሚጻፈው ከድሮ ቅጽ ተገልብጦ ነው። ከተማና ስልክ ይበቃል።

ሕጉንም እወቁት። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃችሁ ለምን ዓላማ እንደሚሰበሰብ የመጠየቅና ስህተት ካለበት የማሳረም መብት አላችሁ። ቢሮ ገብታችሁ አዋጅ ጥቀሱ አልልም። «ይሄ ለምንድነው የሚያስፈልገው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ግን መብታችሁ መሆኑን ይዛችሁ ግቡ።

ደረጃ 8፦ የሌላ ሰው መረጃ በእጃችሁ ሲገባ

ይህን ማንም አይነግራችሁም። ለመመረቂያ ጥናት መጠይቅ የምትሰበስቡ ተማሪዎች የሰዎችን ስም፣ ገቢ፣ በሽታ፣ የትዳር ጉዳይ ትይዛላችሁ። ስሙን ከመጠይቁ ለዩት። መጠይቁ ላይ «መ01፣ መ02» እያላችሁ ቁጥር ስጡ፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ሌላ ቦታ አስቀምጡ። የቃለ መጠይቅ ድምፅ በቴሌግራም ለጓደኛ ልኮ «ጻፍልኝ» ማለትም ይቅር።

ጽሑፍ ለማሳረም ቻትጂፒቲ የምትጠቀሙ ከሆነ ስም ያለበትን መረጃ እንዳለ አትገልብጡበት። ሴቲንግሱ ውስጥ «ዳታ ኮንትሮልስ» ግቡና «ኢምፕሩቭ ዘ ሞዴል ፎር ኤቭሪዋን» የሚለውን አጥፉ፤ ያኔ የምትጽፉት ለሞዴሉ ማሠልጠኛ አይውልም። የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ኤክስሬይ ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ ጥግ ላይ ያለውን ስምና የካርድ ቁጥር ቁረጡ። ታካሚው ፎቶውን የፈቀደው ለሐኪሙ ነው፣ ለባቹ አይደለም።

ፎቶን በተመለከተ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልጨምር። ቴሌግራም ላይ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ የተነሳበት ቦታ መረጃ ይወጣለታል። «እንደ ፋይል» ሲላክ ግን ይዞት ይሄዳል። ግቢ ውጭ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ የካሜራውን የሎኬሽን ምልክት አጥፉት።

ደረጃ 9፦ ስትመረቁ

የግቢው ኢሜይል ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ጉግል ድራይቩ ላይ ያለውን ወደ ግል አካውንታችሁ አስቀድማችሁ አዛውሩ። በዚያ ኢሜይል የተመዘገባችሁበት ነገር ካለ ወደ ግል ኢሜይላችሁ ቀይሩት። ከድሮ የኮርስ ግሩፖችም ውጡ።

ከዚያ ሲሙ አለ። ብዙ ተማሪ በግቢው ከተማ ያወጣውን ሲም ሲመረቅ ይጥለዋል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሲያወርድ የሚከፈትለት የእናንተ አካውንት ሊሆን ይችላል። የባንካችሁ መልእክትም ለእሱ ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጣላችሁ በፊት ተራ በተራ ቀይሩ። ባንኩን አስቀድሙ፤ ቅርንጫፍ መሄድ ስለሚጠይቅ እሱ ነው ጊዜ የሚፈጀው። ቀጥሎ ፋይዳ ላይ የተመዘገበውን ስልክ፣ ከዚያ ጂሜይልን ቀይሩ። በቴሌብር ያለውን ብር አውጡ። ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ «ቼንጅ ነምበር» አለ፤ ቻቱም ግሩፑም ሳይጠፋ ወደ አዲሱ ቁጥር ይዛወራል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላም ሲሙን ለአንድ ሁለት ወር ትንሽ ካርድ ሞልታችሁ በአሮጌ ስልክ አቆዩት። የረሳችሁት አካውንት ካለ ኮድ ወይም መልእክት ሲመጣ ታውቁታላችሁ።